«ነጭ ዓሣ» የትኛው ነው? ፊሽቤዝ ለዓሣ ገዢ ያለው ጥቅም

በአዲስ አበባ ለምግብ ቤት ዓሣ የሚገዛ ሰው «ነጭ ዓሣ» ብሎ ሲያዝ፣ ምን እንደሚመጣለት የሚወስነው ዓሣው የተያዘበት ሐይቅ ነው። ከአርባ ምንጭ፣ ከጫሞ ሐይቅ የሚመጣው ነጭ ዓሣ በሳይንሳዊ ስሙ ላቴስ ኒሎቲከስ የሚባለው ሲሆን፣ የባሕር ዳር ዓሣ አስጋሪ በዚሁ ስም የሚጠራቸው ግን የጣናዎቹን የላቤኦባርበስ ወገን ዓሦች ነው። የጫሞው በሥጋው መካከል የተበተነ ደቃቅ አጥንት ስለሌለው ለፊሌቶ ይመቻል፤ የጣናው ግን እንደ ሹካ የተሰነጠቁ ቀጫጭን አጥንቶች በሥጋው ውስጥ ስላሉት ለተመጋቢ ያሠጋል። ይህን የተረዳሁት ለፊሌቶ ያዘዝሁት ዓሣ ከጣና መጥቶ ከደረሰኝ በኋላ ነው። ነጋዴው በአገሩ አጠራር የጠየቅሁትን ስለላከልኝ አልወቅሰውም፤ የጎደለው የጋራ ስም ነበር።

ከዚያ ወዲህ ስም የማጣራው ፊሽቤዝ በተባለው የመረጃ ቋት ነው። ዳንኤል ፓውሊና ራይነር ፍሮዘ የመሠረቱት ይህ ቋት እ.ኤ.አ. ከ1996 ጀምሮ በኢንተርኔት በነጻ የሚገኝ ሲሆን፣ ዛሬ ከ35,000 በላይ የዓሣ ዝርያዎችን ይዟል። ከሁሉ በላይ የማከብረው ጠባዩ፣ ስለ አንድ ዝርያ ርዝመት ወይም መኖሪያ የሰፈረው መረጃ ከየት እንደተወሰደ ማመልከቱ ነው። ጊዜው ያለፈበትን ስም የያዘ አንባቢም አይጠፋበትም፤ ቲላፒያ ኒሎቲካ ብሎ የፈለገ ሰው ዛሬ ወደሚሠራበት ኦሬዮክሮሚስ ኒሎቲከስ፣ ማለትም ወደ ቆሮሷችን ይመራል።

ሁለቱን ነጭ ዓሦች ለመለየት የሚያስፈልገውም በአካል መግለጫው ውስጥ አለ። የጫሞው በጀርባው ላይ ሁለት ክንፎች አሉት፤ የፊተኛው ሰባት ወይም ስምንት ጠንካራ እሾህ ያለው ሲሆን ጅራቱ ክብ ነው። የጣናው የጀርባ ክንፍ አንድ ብቻ ነው፣ ጅራቱ ሹካማ ነው፣ በአፉ ዙሪያም ሁለት ጥንድ ጢም አለው።

የጣናዎቹን እርስ በርስ መለየት ግን ሌላ ሥራ ነው። በሐይቁ ብቻ የሚገኙ 15 የላቤኦባርበስ ዝርያዎች ተመዝግበዋል፤ ልዩነታቸውም በጭንቅላት ቅርጽና በአፍ አቀማመጥ ስለሆነ፣ ያልሠለጠነ ዓይን ፎቶግራፍ እያመሳከረ ይሳሳታል። በዚህ ረገድ ቋቱን ብቻውን አልመክረውም፤ ሐይቁን ያጠኑ ተመራማሪዎች የጻፏቸውን ዝርዝር መግለጫዎች አብሮ ማንበብ ይገባል። ሽሪምፕ፣ ሎብስተርና ስኩዊድ የሚገዙ ሰዎች ደግሞ በፊሽቤዝ አያገኟቸውም፤ ለእነርሱ እኅት ቋቱ ሲላይፍቤዝ አለ። የተባበሩት መንግሥታት የምግብና የእርሻ ድርጅት ያዘጋጃቸው በሥዕል የተደገፉ የዝርያ መለያ መጻሕፍትም ለባሕር ምግብ ገዢ እጅግ ጠቃሚ ናቸው።

ቆዳው ተገፎና ጭንቅላቱ ተቆርጦ ለሚመጣ ሥጋ ከእነዚህ አንዱም አይረዳም፤ ክንፍና ቅርፊት በሌለበት ዝርያውን በእርግጠኝነት የሚለየው የዘረመል ምርመራ ነው። ስለዚህ ሳዝ ሳይንሳዊውን ስም ከሐይቁ ስም ጋር እጽፋለሁ፣ ዓሣው ከመበለቱ በፊትም ጎኑና የጀርባ ክንፉ የሚታይበት ፎቶግራፍ እንዲላክልኝ እጠይቃለሁ።