ለአራተኛ ክፍል ልጅ የቱ ላፕቶፕ ይሻላል? አዲስ ርካሽ፣ ያገለገለ ጠንካራ፣ ክሮምቡክ ወይስ ታብሌት

እህቴ የምትኖረው ደብረ ሲና ነው። ባለፈው ሳምንት ደወለችልኝ። «ወንድም ጋሼ፣ ልጅቷ ላፕቶፕ ካልገዛችሁልኝ ብላ መውጫ መግቢያ አሳጣችን። ባለሱቁ ደግሞ ከገዛችሁ አይቀር ኮር አይ 7 ይሁን ይላል። ምን ትላለህ?»

ልጅቷ አራተኛ ክፍል ናት። የምትፈልገው መተየብ መልመድ፣ ሥዕል መሣልና ስክራች ነው። ስክራች ልጆች ትእዛዞችን እንደ ጡብ እየደረደሩ ብርቱካናማዋን ድመት የሚያንቀሳቅሱበት ነጻ ፕሮግራም ነው። ቋንቋውን ወደ አማርኛ መቀየርም ይቻላል። ለዚህ ሥራ ኮር አይ 7 የሚባል ኃይለኛ ፕሮሰሰር ያለው ላፕቶፕ መግዛት ለአንድ ጣሳ ጠላ ጋን ተሸክሞ እንደ መሄድ ነው።

«ቆይ፣ በደንብ ልጻፍልሽ» አልኳት። የጻፍኩላትን ትንሽ አስፍቼ እዚህ አመጣሁት። ዋጋ በብር አልጠራም። ከሐምሌ 2016 የምንዛሪ ለውጥ ወዲህ የዕቃ ዋጋ መጻፍ ትቻለሁ፤ ጽፌ ሳልጨርስ ይለወጣል። የቱ ከየቱ እንደሚሻልና ለምን እንደሆነ ግን እናገራለሁ።

አዲስ ርካሽ ወይስ ያገለገለ ጠንካራ?

ዋናው ክርክር ያለው እዚህ ላይ ነው።

በአንድ በኩል ከነካርቶኑ የሚሸጥ አዲስ ላፕቶፕ አለ። ሴለሮን የሚባል ደከም ያለ ፕሮሰሰር፣ 4 ጊጋ ራም (ላፕቶፑ ሲሠራ የሚጠቀምበት ጊዜያዊ ማህደር)፣ 64 ጊጋ ማከማቻ። ኤችፒ ስትሪም የሚባለው ከዚህ ወገን ነው። ቀጭን ነው፣ ቀላል ነው፣ ሰማያዊም ሮዝም ተሠርቶ ወጥቷል። የልጅ ዓይን መጀመሪያ የሚያርፈው እሱ ላይ ነው።

በሌላ በኩል የውጭ አገር መሥሪያ ቤቶች ተጠቅመውበት የሸጡት አለ። ዴል ላቲትዩድ 7290፣ ሌኖቮ ቲንክፓድ ኤክስ 270፣ ኤችፒ ኤሊትቡክ 830 ጂ 5 እና የመሳሰሉት። ጥቁር ወይም ግራጫ ናቸው። ጥጋቸው ተፍቆ፣ ኪቦርዳቸው ከመነካት ብዛት አብለጭልጮ ታገኙታላችሁ። እኔ ባየኋቸው ሱቆች የሁለቱ ወገኖች ዋጋ ብዙም አይራራቅም።

እኔ ያገለገለውን እመርጣለሁ። ምክንያቴ ፍጥነት ብቻ አይደለም።

የርካሹን አዲስ ላፕቶፕ ማከማቻ እንውሰድ። ዊንዶውስ 11 ራሱ ቢያንስ 64 ጊጋ ይጠይቃል። እንግዲህ ዕቃው ከካርቶን ሲወጣ ጀምሮ ዝቅተኛው መስመር ላይ ነው ማለት ነው። ከጥቂት ማሻሻያ በኋላ «ቦታ የለም» የሚል ማስጠንቀቂያ ይመጣል። 32 ጊጋ የሆነውን ደግሞ በነጻ ቢሰጧችሁም አትቀበሉ። ታዲያ በትልቅ ልቀይረው ብትሉ አይቻልም። ኢኤምኤምሲ የሚባለው ማከማቻ ቦርዱ ላይ የተበየደ ነው። ራሙም አብዛኛውን ጊዜ እንዲሁ ነው። ዛሬ የገዛችሁት ልጁ ስድስተኛ ክፍል ሲደርስም ያው ነው።

ላቲትዩድ 7290 ግን የታች ክዳኑ በብሎን ይከፈታል። ራሙ ይወጣል፣ ኤስኤስዲ የሚባለው ማከማቻ ይወጣል፣ ባትሪው ይወጣል። 8 ጊጋ ራምና 256 ጊጋ ኤስኤስዲ ያለውን ካገኛችሁ ለአንደኛ ደረጃ ልጅ ከበቂ በላይ ነው። ሲበላሽ ደግሞ ጥገና ቤት ያውቀዋል። በየመሥሪያ ቤቱ ስላለ መለዋወጫው ይገኛል።

ስለ ኪቦርድ አንድ ነገር ልንገራችሁ። ባለፈው ክረምት የልጄ ላቲትዩድ ስፔስ ባሩ አልጫን አለ። ገልብጬ ቀስ ብዬ ሳራግፈው ሦስት ፍሬ የገብስ ቆሎ ወጣ። አራተኛዋ በብሎን መፍቻ ነው የወጣችው። ግማሽ ሆና ከስፔስ ባሩ ሥር ተሰክታ ነበር። እኛ አገር ክረምት ገብቶ ልጅ ያለ ቆሎ አይቀመጥም። ስለዚህ ቁልፉ የሚነቀልና የሚመለስ፣ ቢብስም ኪቦርዱ ብቻውን የሚቀየር ዕቃ መያዝ ዋጋ አለው። በአንዳንዱ ርካሽ ላፕቶፕ ኪቦርዱ ከላይኛው ሽፋን ጋር አንድ ላይ ተጣብቆ ነው የሚመጣው፤ ለአንድ ቁልፍ ሲባል ሽፋኑ በሙሉ ይቀየራል።

ለአዲሱ ፍርድ ላለማጉደል ያህል፣ ባትሪው አዲስ ነው፣ ዋስትና አለው፣ ብዙዎቹም ፋን ስለሌላቸው ድምፅ የላቸውም። 8 ጊጋ ራምና 128 ጊጋ ወይም ከዚያ በላይ ማከማቻ ያለው አዲስ ካገኛችሁ ነገሩ ይለወጣል። እሱን ደግመን እንነጋገርበት።

መብራት ሲሄድስ?

ሻጭ ሁሉ ስለ ጀነሬሽን፣ ማለትም ስለ ፕሮሰሰሩ ትውልድ ያወራል። እኔ መጀመሪያ የምጠይቀው ስለ ባትሪ ነው። መብራት ከሰዓት ሄዶ ማታ በሚመጣበት ሰፈር ባትሪው የሞተ ላፕቶፕ ጠረጴዛ ላይ የተቀመጠ ጌጥ ነው።

እዚህ ላይ ቲንክፓድ ኤክስ 270 አንድ ብልሃት አለው። ባትሪው ሁለት ነው። አንዱ ውስጥ ነው፣ ሌላው ከኋላ በእጅ ይነቀላል። ላፕቶፑን ሳታጠፉ የኋላውን አውጥታችሁ ሌላ መሰካት ትችላላችሁ፤ የውስጡ እስከዚያ ይይዘዋል። አንድ ትርፍ ባትሪ ቻርጅ አድርጎ ያስቀመጠ ቤት መብራት ቢሄድ አይደነግጥም።

ችግሩ ኤክስ 270 ስድስተኛ ወይም ሰባተኛ ጀነሬሽን መሆኑ ነው። ዊንዶውስ 11 በይፋ የሚቀበለው ከኢንቴል ስምንተኛ ጀነሬሽን ጀምሮ ነው። ማይክሮሶፍት ደግሞ የዊንዶውስ 10ን መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 አቁሟል። ኤክስ 270 የሚገዛ ሰው ወይ በዊንዶውስ ምትክ ነጻ የሆነውን ሊኑክስ ሚንት ያስጭናል፣ ወይ መደበኛ ማሻሻያ በማያገኝ ዊንዶውስ 10 ይቀጥላል። ለስክራችና ለሥዕል ሊኑክስ ሚንት ምንም አይለውም፣ እንዲያውም ቀለል ይላል። ግን ጎረቤት የሚያውቀው ዊንዶውስ ነው። ልጁ ሲጨንቀው የሚጠይቀው ሰው ከሌለ እሱም ራሱን የቻለ ችግር ነው።

ሁለቱንም የያዘው ቲንክፓድ ቲ 480 ነው። አብዛኛው ስምንተኛ ጀነሬሽን ነው፣ የሚነቀል ባትሪም አለው። ግን 14 ኢንች ነው፣ ይከብዳል፣ ዋጋውም ከፍ ይላል። ኤክስ 280 ስሙ ስለሚመሳሰል እንዳያታልላችሁ። የሚነቀል ባትሪ የለውም፣ ራሙም የተበየደ ነው።

ላቲትዩድ 7290 መሐል ላይ ነው። አብዛኛው ስምንተኛ ጀነሬሽን፣ 12.5 ኢንች፣ ለልጅ ቦርሳ ልክ የሆነ። ባትሪው ያለ ብሎን መፍቻ አይወጣም፤ ነገር ግን በዩኤስቢ ሲ ቻርጅ መሆን ይችላል። 45 ዋት ወይም ከዚያ በላይ በዩኤስቢ ሲ የሚሰጥ ፓወር ባንክ ያለው ሰው ይገላገላል። ተራው የስልክ ፓወር ባንክ ግን አይገፋውም።

ለእህቴ የመረጥኩላት እሱን ነው።

ክሮምቡክ፦ የተቃጠልኩበት

ክሮምቡክ በዊንዶውስ ምትክ በጉግል ክሮም ኦኤስ የሚሠራ ላፕቶፕ ነው። በወረቀት ላይ ለልጅ የተሠራ ነው። ቶሎ ይነሣል፣ ቫይረስ ብዙ አያስቸግረውም፣ ባትሪው ይቆያል፣ ያገለገለው ርካሽ ነው። እኔም ለልጄ መጀመሪያ የገዛሁት እሱን ነበር።

ቤት አምጥቼ ልጁ በራሱ አካውንት እንዲጀምር ብዬ ውስጡ ያለውን ሁሉ ደመሰስኩት። ተመልሶ ሲነሣና ከዋይፋይ ጋር ሲገናኝ የአንድ ውጭ አገር ትምህርት ቤት አካውንት ጠየቀኝ። ለካ ትምህርት ቤቱ ዕቃውን ሲሸጥ ከመዝገቡ አላወጣውም። እንዲህ የታሰረ ክሮምቡክ ባለቤቱ ካልለቀቀው በስተቀር በሻጭ ችሎታ አይፈታም። ሻጩ «እኔ ስሸጥልህ ይሠራ ነበር» አለ። ውሸቱን አልነበረም፤ ይሠራ ነበር።

ስለዚህ ያገለገለ ክሮምቡክ የምትገዙ ከሆነ እዚያው ሱቅ ውስጥ ያለበትን ሁሉ አስደምስሳችሁ፣ በስልካችሁ ዳታ አገናኝታችሁ፣ በራሳችሁ ጂሜይል ገብታችሁ እዩት። ሻጩ እምቢ ካለ መልሱን አገኛችሁ። ሌላው የማሻሻያው ማብቂያ ቀን ነው። እያንዳንዱ ክሮምቡክ ማሻሻያ የሚያቆምበት የተወሰነ ቀን አለው፤ ሴቲንግ ውስጥ ገብታችሁ ማየት ትችላላችሁ። ከ2021 እ.ኤ.አ. ወዲህ የወጡት አሥር ዓመት ያገኛሉ። እኛ ገበያ የሚደርሱት ብዙዎቹ ግን ከዚያ በፊት የወጡ ናቸው።

ኢንተርኔት በካርድ ለሚሞላ ቤትም አይመችም። ያለ ኔት የሚሠራቸው ነገሮች አሉት፤ ግን መንፈሱ ሁሉ ኔት ላይ ነው። ዋይፋይ ገብቶላችሁ ከሆነ ሌላ ነገር ነው።

ታብሌት

አንደኛና ሁለተኛ ክፍል ላለ ልጅ ላፕቶፕ ባትገዙ ደስ ይለኛል። እጁም አይደርስም። ከ5 እስከ 7 ዓመት ላሉ ልጆች የተሠራው ስክራች ጁኒየር ታብሌት ላይ በጣት ይሠራል፤ ማንበብ ለማይችል ልጅም ይሆናል።

መንዝ ገጠር ውስጥ፣ የመብራት መስመር ባልገባበት ቀበሌ ያላችሁ ደግሞ ምርጫው ከሞላ ጎደል አልቋል። ታብሌት እንደ ስልክ በትንሽ ኃይል ይሞላል። መለስተኛ ሶላር ይበቃዋል። ላፕቶፕ 45 ወይም 65 ዋት ቻርጀር ይፈልጋል፤ ያንን ለመብራት የተገዛች ሶላር አትችለውም።

ከሦስተኛ ክፍል በላይ ግን ታብሌት ዩቲዩብ ማያ ይሆናል። ኪቦርድ ቢገዛለትም ከሳምንት በኋላ አልጋ ሥር ታገኙታላችሁ። የእኔ ቤት ታሪክ ነው።

ሌሎቹን በአጭሩ

15.6 ኢንች የሆነው ትልቁ ላፕቶፕ ብዙውን ጊዜ 2 ኪሎ ገደማ ወይም ከዚያ በላይ ይመዝናል። ከቤት የማይወጣና አባትም እናትም የሚሠሩበት ከሆነ ይሁን። ልጅ የሚሸከመው ከሆነ ይቅር።

ለትምህርት ቤት ተብለው የተሠሩ 11.6 ኢንች ዕቃዎችም አሉ፤ ዴል ላቲትዩድ 3190 አንዱ ነው። ዙሪያቸው ጎማ ነው፣ መውደቅ ይችላሉ። ፕሮሰሰራቸው ግን ያው የሴለሮን ቤተሰብ ነው። ልጃችሁ ዕቃ የሚጥል ከሆነ አስቡበት።

ሱቅ ውስጥ

ባትሪ ሪፖርት አውጣልኝ በሉ። ዊንዶውስ ራሱ የሚያወጣው ወረቀት ነው፤ ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። ሁለት ቁጥር ታያላችሁ። ዲዛይን ካፓሲቲ ባትሪው አዲስ ሳለ የሚይዘው ነው፣ ፉል ቻርጅ ካፓሲቲ አሁን የሚይዘው። የላይኛው 42,000 ሆኖ የታችኛው 36,000 ከሆነ አሪፍ ነው። 18,000 ከሆነ ከግማሹ በላይ አልቋል። «አራት ሰዓት ይቆያል» የሚለውን ቃል ተዉትና ወረቀቱን እዩ።

ከዚያ ኖትፓድ ከፍታችሁ ቁልፎቹን አንድ በአንድ ተጫኑ። አጥፍታችሁ ስታስነሡ ገና ከመነሻው ፓስዎርድ ከጠየቀ አትግዙ። አማርኛ ለመጻፍ ተጨማሪ ክፍያ የሚጠይቅ ካለ ደግሞ ሳቁበት። የአማርኛ ኪቦርድ ከዊንዶውስ ጋር አብሮ ይመጣል፤ ከቋንቋ ማስተካከያው ገብታችሁ መጨመር ነው።

አዲስ አበባ ሄዶ መግዛት ርካሽ ነው የሚል አለ። እውነት ሊሆን ይችላል። ግን ከደብረ ብርሃን 130 ኪሎ ሜትር ነው። ከመሐል ሜዳ ወይም ከአለም ከተማ የሚነሳ ሰው መንገዱን ራሱ ያውቀዋል። ቻርጀሩ በሳምንቱ ቢበላሽ የትራንስፖርቱን አስሉት። እኔ ትንሽ ጨምሬም ቢሆን ነገ ሄጄ የምጨቀጭቀው ሻጭ ቢኖረኝ እመርጣለሁ።

ብርድ ልብስና ውርጭ

የደብረ ብርሃን ብርድ ልብስ ዝናው የታወቀ ነው። ለላፕቶፕ ግን ጠላት ነው። ልጅ በብርድ አልጋ ላይ ወጥቶ ብርድ ልብሱ ላይ ካስቀመጠው ከሥር ያለው የአየር ማስገቢያ ይታፈናል፣ ፋኑ ይጮኻል፣ ዕቃው ይግላል። ሰፋ ያለ ጣውላ ወይም ትሪ ከሥር አድርጉለት። ፋን የሌለው ርካሹ አዲስ ላፕቶፕ እዚህ ላይ አንድ ነጥብ ያገኛል።

ብርዱም የባትሪውን ቆይታ ያሳጥራል። ኅዳርና ታኅሣሥ ጠዋት ቶሎ ቢያልቅ አትደንግጡ፤ ሲሞቅ ይመለሳል። ሸዋ ሮቢት ያላችሁ ግን የባሰው የእናንተ ነው። ሙቀት ያዳከመው ባትሪ አይመለስም። ፀሐይ የሚገባበት መስኮት ሥር አታስቀምጡት። መብራት ሲሄድ ደግሞ ቻርጀሩን ንቀሉ፣ ከመጣም በኋላ ትንሽ ቆዩ። ሲመለስ በጉልበት ነው የሚመጣው።

እህቴ ትናንት መልሳ ደወለች። 7290 አግኝታለች። የባትሪ ሪፖርቱን በስልክ አንሥታ ላከችልኝ፤ ከግማሽ ትንሽ ከፍ ይላል። «የአንድ ባትሪ ዋጋ ይቀንስልሽና ያዢው» አልኳት። ስልኩን ልጅቷ ተቀበለቻት።

«አጎቴ፣ ቀለሙ ምን ዓይነት ነው?»

«ጥቁር ነው» አልኳት።

ዝም አለች።