በ2 ቀን የዳይቪንግ ሰርተፍኬት ለሚሏችሁ ቀብድ ከመክፈላችሁ በፊት

ግብፅ ወዳሉት ሁርጋዳ፣ ሻርም ኤል ሼክ ወይም ዳሃብ ለዕረፍት ልትሄዱ ያሰባችሁ፣ ዱባይ ሆናችሁም ፉጃይራ ላይ ዳይቪንግ (ከታንክ አየር እየተነፈሱ ውሃ ውስጥ መጥለቅ) ለመማር ዋጋ የምታጠያይቁ ሁሉ፣ «በ2 ቀን ሰርተፍኬት፣ በግማሽ ዋጋ» የሚል ማስታወቂያ ካያችሁ መጀመሪያ የሰርተፍኬት ካርዱ ላይ የሚጻፈው የኮርስ ስም ምን እንደሆነ ጠይቁ። መልሱንም በጽሁፍ ተቀበሉ።

ፓዲ (PADI) በተባለው የዳይቪንግ ሥልጠና ድርጅት ሥርዓት ሙሉው የጀማሪ ኮርስ «ኦፕን ወተር ዳይቨር» ነው። ንድፈ ሐሳብና ፈተና፣ ገንዳ ወይም የተረጋጋ ውሃ ውስጥ 5 ልምምድ፣ ከዚያ 4 ዳይቭ (ጥልቅ ውሃ ውስጥ ገብቶ መውጣት) አለው። 200 ሜትር መዋኘትና 10 ደቂቃ መንሳፈፍም ግዴታ ነው። ይህን የጨረሰ ሰው ያለ አስተማሪ ከጓደኛው ጋር እስከ 18 ሜትር ይወርዳል። ተረጋግቶ ለመማር ከ3 እስከ 4 ቀን ያስፈልጋል። በ2 ቀን የሚሸጠው ብዙ ጊዜ «ስኩባ ዳይቨር» የተባለው ግማሽ ኮርስ ነው፤ 2 ዳይቭ ብቻ፣ እስከ 12 ሜትር፣ ያውም ሁልጊዜ ባለሙያ አብሯችሁ ካለ። ከዚህ የባሰው «ዲስከቨር ስኩባ» ነው። ይህ ሙከራ እንጂ ኮርስ ስላልሆነ በእሱ ብቻ ሌላ አገር ታንክ እንከራያለን ብላችሁ አታስቡ።

ዋጋው ላይ የኦንላይን ትምህርቱ ኮድ፣ የካርዱ ክፍያ፣ የዕቃ ኪራይ፣ ጀልባና የፓርክ መግቢያ መካተታቸውን አንድ በአንድ አስቆጥሩ። የቀረው ሁሉ ጀልባው ላይ ይጠየቃል፤ ያኔ ደግሞ እምቢ ማለት ይከብዳል።

የጤና መጠይቁን «ዝም ብለህ ሁሉንም አይደለም በል» ከሚል ድርጅት ጋር ምንም ውል አትግቡ። አስም፣ የልብ ችግር ወይም የጆሮ ቀዶ ጥገና ያለበት ሰው እውነቱን ጽፎ ሐኪም ማስፈረም አለበት። ከዋሻችሁ ኢንሹራንሱም ላይከፍል ይችላል። ቅጹን አስቀድማችሁ አስልኩና ከጉዞው በፊት በራሳችሁ ሐኪም ጨርሱት።

ርካሽ ዋጋ ብዙ ጊዜ የሚካካሰው በዕቃና በተማሪ ብዛት ነው። በዚህ ኮርስ ባሕር ውስጥ ለአንድ አስተማሪ የሚፈቀደው ቢበዛ 8 ተማሪ ነው። ዕቃውን ደግሞ ራሳችሁ ፈትሹ። ሙሉ ታንክ በግፊት መለኪያው (ጌጁ) ላይ 200 ባር አካባቢ ያሳያል። ከመውረዳችሁ በፊት ጌጁን እያያችሁ በሬጉሌተሩ (አፍ ውስጥ በሚገባው መተንፈሻ) አራት አምስት ጊዜ ተንፍሱ፤ በተነፈሳችሁ ቁጥር መርፌው ወርዶ የሚመለስ ከሆነ የታንኩ ቫልቭ (መክፈቻው) በደንብ አልተከፈተም። ጀልባ ላይ ችግሩ አይታወቅም፤ 18 ሜትር ላይ ግን በእያንዳንዱ ትንፋሽ የምትወስዱት አየር ወደ 3 እጥፍ ስለሚጠጋ ድንገት ያጥራችኋል። አየሩ ዘይት ወይም ጭስ ከሸተተ በዚያ ታንክ አትውረዱ። ካርቦን ሞኖክሳይድ ራሱ ሽታ የለውም፤ የሚሸተው አብሮት የገባው ነው።

«አድቫንስድ፣ ናይትሮክስ፣ ሬክ (የሰመጠ መርከብ)፣ ዲፕ (ጥልቅ ዳይቭ)፣ ሁሉም በአንድ ፓኬጅ» እያሉ ተጨማሪ ኮርሶችን ሲሸጡላችሁም ቆም በሉ። አድቫንስድ 5 ዳይቭ ነው፤ ከነሱ ጥልቅ ዳይቭና አቅጣጫ ማወቅ የግድ ናቸው፣ የሚያደርሰውም እስከ 30 ሜትር ነው። ውሃ መሃል ሳይሰምጥና ሳይንሳፈፍ ጥልቀቱን ጠብቆ መቆየት ገና ላልለመደ ሰው በማግስቱ 30 ሜትር መውረድ አይመከርም። እኛ ብንጠየቅ ቀድማችሁ ይህንኑ የሚያስተምረውን የቦያንሲ ኮርስ ውሰዱ እንላለን። ናይትሮክስ፣ ማለትም ኦክስጅኑ ከተለመደው የበዛ አየር፣ ጠቃሚ ነው፤ ኮርሱ ነገር ግን በክፍል ብቻ ሊጠናቀቅ ስለሚችል «የግዴታ የናይትሮክስ ዳይቭ» ብለው ቢያስከፍሏችሁ አትቀበሉ። የታንኩን ኦክስጅን በመለኪያ ራሳችሁ ካልለካችሁ ግን ኮርሱን ተማርን አትበሉ፤ 32 በመቶ ከሆነ የጥልቀት ወሰኑ 33 ሜትር አካባቢ ነው።

ወደ አዲስ አበባ የምትመለሱ ይህችን ልብ በሉ። ከአንድ ዳይቭ በኋላ ቢያንስ 12 ሰዓት፣ ከተደጋጋሚ ዳይቭ በኋላ 18 ሰዓት ሳይሞላ መብረር አይመከርም፤ ከፍታ ላይ የአየር ግፊቱ ሲቀንስ በሰውነት ውስጥ የቀረው ናይትሮጅን አረፋ ሠርቶ ሊጎዳ ይችላል። ጠዋት ዳይቭ፣ ማታ በረራ ያለው ፓኬጅ ይህን ይጥሳል። በአውሮፕላን ውስጥ ያለው ግፊት ቢበዛ 2,400 ሜትር ከፍታ ላይ እንዳለው ነው፤ ቦሌ ራሱ ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነ ስታርፉም ወደ ዝቅተኛ ቦታ አልወረዳችሁም። ከጅቡቲ በባቡር ወይም በመኪና ለሚመጣም ያው ነው። የመጨረሻውን ቀን ሙሉ 24 ሰዓት ከውሃ ውጭ አሳልፉት።

የአስተማሪውን ቁጥር ተቀብላችሁ በፓዲ ድረ ገጽ ላይ አጣሩ። ቀድሞ ከፍላችሁ ነገሩ ካላማራችሁ፣ የጨረሳችሁት ክፍል በአስተማሪው ፊርማ በሪፈራል (ወደ ሌላ ማስተላለፊያ) ቅጽ ይመዝገብላችሁ፤ የቀረውን በ12 ወር ውስጥ ሌላ ቦታ መጨረስ ትችላላችሁ።