ቀዩ የመርፊ ግራመር፦ ከ1 እስከ 115 በተርታ አይሄድም

የሬይመንድ መርፊ «ኢሴንሻል ግራመር ኢን ዩዝ» ለጀማሪዎች የተዘጋጀ የእንግሊዝኛ ሰዋስው መጽሐፍ ነው። ሽፋኑ ቀይ ስለሆነ ከፍ ላለ ደረጃ ከተዘጋጀው ሰማያዊው ጋር አይምታታም። መጀመሪያ የወጣው በ1990 እ.ኤ.አ. ነው፤ እዚህ የምናየው በ2015 የታተመውን 4ኛ እትም ነው። 115 ዩኒቶች (አጫጭር ትምህርቶች) አሉት፤ እያንዳንዱ ሁለት ገጽ ነው፣ ግራው ማብራሪያ፣ ቀኙ መልመጃ። ተማሪው ገጽ ሳይገልጥ ከጥያቄው ወደ ደንቡ ዓይኑን መመለስ ይችላል። ለጀማሪ ይህን የመሰለ አቀማመጥ ያለው መጽሐፍ ብዙ አይገኝም።

ጣጣው የሚመጣው ከዩኒት 1 ተነስቶ በተርታ የሚያስተምር መምህር ሲይዘው ነው። መጽሐፉ የተደራጀው በርዕስ እንጂ በመማር ቅደም ተከተል አይደለም። ግሶቹ አንድ ላይ ስለተሰበሰቡ ፕረዘንት ፐርፌክት («ሃቭ» ወይም «ሃዝ» ያለበት ቅርጽ፣ እንደ «በልቻለሁ») እና ፓሲቭ (ተደራጊ ግስ፣ እንደ «ተበላ») ከወደፊት ጊዜ ይቀድማሉ። ከስም በፊት የሚገቡት «ኤ» እና «ዘ» ደግሞ ከ60ኛው ዩኒት ወዲያ ናቸው። እስከዚያ ድረስ ተማሪው «ሂ ኢዝ ኤ ዶክተር» በማለት ፈንታ «ሂ ኢዝ ዶክተር» እያለ ይቆያል። በአማርኛ «ሐኪም ነው» ሲባል ከስሙ በፊት የሚገባ ነገር ስለሌለ፣ የጎደለ መኖሩም አይታወቀውም።

አማርኛ ተናጋሪ ለሆነ ጀማሪ የሚያዋጣው ተራ እንዲህ ነው፦ መጀመሪያ «አም፣ ኢዝ፣ አር»፤ ወዲያው «ኤ/አን» እና ብዙ ቁጥር ከመጽሐፉ መሃል ተወስደው ይገባሉ። ቀጥሎ ፕረዘንት ሲምፕል (የዘወትር ድርጊት)፣ ፕረዘንት ኮንቲኒዩስ (አሁን እየተደረገ ያለ)፣ ፓስት ሲምፕል (ያለፈ ድርጊት)፤ ከዚያ ለወደፊት ጊዜ «ጎይንግ ቱ» እና «ዊል»። «እሄዳለሁ» የዘወትሩንም የነገውንም ስለሚይዝ ወደፊት ጊዜን ያዘገየ መምህር «ቱሞሮ አይ ጎ» የሚለው ስህተት ሲደጋገም ይሰማል። «እየዘነበ ነው» ውስጥ ባለቤቱ ከግሱ ጋር ስለተጣበቀ «ኢት ኢዝ ሬይኒንግ» በማለት ፈንታ «ኢዝ ሬይኒንግ» ማለትም የተለመደ ነው፤ ስለዚህ «ኢት» ገና በመጀመሪያው ሳምንት ይግባ።

ፕረዘንት ፐርፌክት በዚህ ተራ ሰባተኛ ወይም ስምንተኛ ቢሆን ይሻላል፤ ጊዜም ይሰጠው። «ትናንት መጥቻለሁ» በአማርኛ ምንም ነውር የለበትም፤ «አይ ሃቭ ከም የስተርዴይ» የሚለው ስህተት የሚወለደውም ከዚያው ነው። «ተቀምጧል» እና «ለብሷል» ደግሞ አሁን ያለን ሁኔታ ስለሚናገሩ «ሂ ሃዝ ሳት» የሚል ይመጣል፣ መባል ያለበት «ሂ ኢዝ ሲቲንግ» ሆኖ ሳለ። መጽሐፉ የተጻፈው ለሁሉም አገር ተማሪ ስለሆነ ይህን አይነግራችሁም። መምህሩ «በላሁ» እና «በልቻለሁ»ን ጎን ለጎን ሰሌዳ ላይ ጽፎ፣ «የስተርዴይ» ካለ «ሃቭ» አይገባም የሚለውን ቢያንስ በ10 ዓረፍተ ነገር ማሠራት አለበት።

ሌላው ድካም መልመጃው ላይ ነው። የገጹ ርዕስ ፓስት ሲምፕል ከሆነ ክፍት ቦታው ሁሉ የሚሞላው በፓስት ሲምፕል ነው። ተማሪው 10 ከ10 ያገኛል፣ ውጭ ወጥቶ ሲናገር ግን ቅርጹን ራሱ መምረጥ ስላለበት ይጠፋዋል። መፍትሔው ሦስት ዩኒት ባለቀ ቁጥር ከየዩኒቱ አራት አራት ዓረፍተ ነገር ቀድቶ፣ ርዕሱን አጥፍቶ፣ አደባልቆ ማሠራት ነው። ከሳምንት በኋላ መድገም፣ ከሦስት ሳምንት በኋላም እንደገና። ከኋላ ያሉት ተጨማሪ መልመጃዎች የተደባለቁ ስለሆኑ ለዚሁ ያገለግላሉ፤ ብዙ ሰው ሳይገልጣቸው መቅረቱ ያሳዝናል።

እዚያው ከኋላ ያለው የምርጫ ጥያቄ ተማሪው የትኛውን ዩኒት ማጥናት እንዳለበት ያመለክታል። ትምህርት ከመጀመሩ በፊት ይሠራ፤ የሚያውቀውን መዝለል መብቱ ነው። በክፍል ውስጥ የግራውን ገጽ ጮክ ብሎ ማንበብ ጊዜ ማባከን ነው። አምስት ምሳሌ ሰሌዳ ላይ ጽፎ ደንቡን ተማሪው ራሱ እንዲያወጣ ማድረግ፣ ከዚያ ከቀኙ ገጽ የመጀመሪያዎቹን ሁለት መልመጃዎች ማሠራት፤ ስለራሱ የሚጽፍበት ካለ ለቤት ሥራ ይቆይ።

ስትገዙ መልስ ያለውና የሌለው እትም መኖሩን እወቁ። ለብቻው ለሚማር መልስ ያለው ግድ ነው፤ ለክፍል የሌለው ይመረጣል። ፎቶ ኮፒ ከሆነ የመጨረሻዎቹን ገጾች ሳትገልጡ አትክፈሉ፤ መልሱም፣ የምርጫ ጥያቄውም፣ መደበኛ ያልሆኑ ግሶች ዝርዝርም ያሉት እዚያ ነው።