ከፊቴ 31 መኪና ገባ፦ ከአዳፕቲቭ ክሩዝ ኮንትሮል ጋር ሁለት ዓመት

ሳምንቱን ሙሉ መንገድ ላይ ነኝ። የምጠግናቸው ማሽኖች በሦስት ከተሞች ተበትነዋል፤ ከአንዱ ወደ ሌላው የምሄደው በአውራ ጎዳና ነው። ሥራው አድክሞኝ አያውቅም። የሚያደክመኝ መንገዱ ነው።

መንገዱ ስል አስፋልቱን አይደለም፤ ሰዉን ነው። ከኋላ መጥቶ ፓራውልቴ ላይ የሚለጠፈው። ያለ ፍሬቻ ከፊቴ ዘው የሚለው። የማለፊያው ረድፍ ላይ ተደላድሎ በ90 የሚንሸራሸረው። ማታ ቤት ስገባ ቀኝ እግሬ ዝሎ፣ ትከሻዬ ድንጋይ ሆኖ ነበር።

ከሁለት ዓመት በፊት መኪና ስቀይር ቀለምም አላማረጥኩም። አንድ ነገር ብቻ የግድ ይኑራት አልኩ፤ አዳፕቲቭ ክሩዝ ኮንትሮል፣ ከፊት ካለው መኪና ርቀት እየጠበቀ ፍጥነቱን ራሱ የሚያስተካክል ዕቃ። ከዚያ ወዲህ ዝናብም ጭጋግም አብረን አይተናል። የመኪናዋን ስም ትቼ ስለ ዕቃው ብቻ ልንገራችሁ። የምለው አብዛኛው በሌላ ፋብሪካ መኪና ላይም ይሠራል።

አጠቃቀሙ ቀላል ነው። ፍጥነት ትሞላላችሁ፣ እንበል 110። ከፊት ካለው መኪና የምትርቁትን ክፍተት ትመርጣላችሁ። ከዚያ እግራችሁን ከነዳጅ ላይ ታነሳላችሁ። ፊት ለፊት የተገጠመው ራዳር የቀደማችሁን መኪና ርቀትና ፍጥነት ይለካል። እሱ ሲቀዘቅዝ የእናንተም ትቀዘቅዛለች፤ መንገዱ ሲከፈት ወደ 110 ትመለሳለች። መሪው ግን የእናንተው ነው። ዓይኑም እንዲሁ።

የድሮውን፣ ፍጥነት ብቻ የሚጠብቀውን ክሩዝ ኮንትሮል የፈለሰፈው ራልፍ ቲቶር የሚባል አሜሪካዊ መሐንዲስ ነው። ከልጅነቱ ጀምሮ ዓይነ ስውር ነበር። ጠበቃው እየነዳ ሲወስደው፣ ሲያወራ ይቀዘቅዛል፣ ሲያዳምጥ ይፈጥናል፤ በዚያ መንገጫገጭ ተማርሮ ነው ሐሳቡ የመጣለት ይባላል። ፓተንቱን በ1950 እ.ኤ.አ. አገኘ፤ በ1958 ክራይስለር መኪኖች ላይ ገባ። ራዳር የተጨመረበት ደግሞ በ1999 በመርሴዲስ ኤስ ክላስ ላይ ወጣ። የቲቶርን ታሪክ እወደዋለሁ። መንገዱን ሳያይ የሹፌሩን ጠባይ በሰውነቱ ያወቀ ሰው ነው። ከጎን ተቀምጦ የተንገላታ ሁሉ ይገባዋል።

ወደ ዕቃው ልመለስ። ዋናው ቁልፍ የፍጥነቱ አይደለም፤ የክፍተቱ ነው። የእኔ አራት ደረጃ አለው። አንደኛው ወደ አንድ ሰከንድ ይጠጋል፣ አራተኛው ከሁለት ሰከንድ ትንሽ ይበልጣል። ሰከንድ ሲባል ኢምንት ይመስላል። ግን በ110 የሚሄድ መኪና በአንድ ሰከንድ 30 ሜትር ያልፋል። ሰው አደጋ አይቶ እግሩ ፍሬን ላይ እስኪያርፍ አንድ ሰከንድ፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይፈጅበታል። አንደኛው ደረጃ ላይ ከሆናችሁ ፍሬን ሳትነኩ የተዋችሁትን ክፍተት የሚያክል መንገድ ሄዳችኋል ማለት ነው። ጀርመኖች ለዚህ ቀላል መለኪያ አላቸው፤ የቆጣሪው ግማሽ በሜትር። በ100 የሚሄድ 50 ሜትር ይተዋል። በጣም ተጠግቶ የተያዘ ሰው ከቅጣቱ ሌላ ለጊዜው ከመንዳት ሊታገድ ይችላል።

እኔ ግን መጀመሪያ ላይ አራተኛውን ደረጃ መታገስ አልቻልኩም። ባዶ ቦታ ያየ ሁሉ ይገባበታላ! አንዱ ሲገባ መኪናዬ ለእሱም ክፍተት ለመተው ትቀዘቅዛለች። ሌላው ይገባል። ደግሞ ትቀዘቅዛለች። ወደ ኋላ የምሄድ ነበር የሚመስለኝ። ደሜ ፈላ። አንደኛው ላይ አወረድኩትና ሁለት ወር እንደዚያ ነዳሁ።

አንድ ቅዳሜ ታናሽ እህቴ አብራኝ ነበረች። ስነጫነጭ ሰማችና «ቆይ፣ እኔ ልቁጠርልህ» አለች። ክፍተቱን አራት ላይ አደረግነው። ከሦስቱ በጣም በተጨናነቀው ከተማ ዳር 40 ደቂቃ ነዳሁ። አንድ ሰው ከፊቴ በገባ ቁጥር ወረቀት ላይ ጭረት ታደርጋለች፤ አምስት ሲሞላ በአግድም ትሰርዛለች። ከአውራ ጎዳናው ስንወጣ ወረቀቱን አየችና «ጋሼ፣ 31» አለችኝ።

31! ብዙ ነው። ቆመን አሰላነው። አንድ መኪና ከፊቴ ሲገባ የሚወስድብኝ የራሱን ቦታ ነው፤ ሁለት ሰከንድ ገደማ። 31 ጊዜ ሁለት፣ 62 ሰከንድ። አንድ ደቂቃ! ከገቡት ውስጥ ደግሞ ብዙዎቹ ጥቂት ቆይተው ወደ ሌላ ረድፍ ወጥተዋል፤ የወሰዱትን መልሰዋል። ለዚያች አንድ ደቂቃ ነበር ሁለት ወር ሙሉ ጥርሴን ነክሼ የነዳሁት። ከዚያ ቀን ወዲህ ክፍተቱ ከአራት ወርዶ አያውቅም። ወረቀቱን ፀሐይ መከላከያው ላይ ሰክቼዋለሁ።

የዕቃው ጥሩነትና ድክመት እንደየከተማው ይለያያል። ያ የተጨናነቀው ከተማ ሰዎች ይገባሉ እንጂ አይጣሉም። ፍሬቻ አያበሩም፤ ከገቡ በኋላ ግን ብዙዎቹ እጃቸውን አንስተው ያመሰግናሉ። ዕቃው እዚህ ጎበዝ ነው። ሂድ፣ ቁም፣ ሂድ፣ ቁም፤ ቀኝ እግሬ የዳነው በዚህ ከተማ ነው።

ሁለተኛው ከተማ መንገዱ ሰፊ ነው። ችግሩ የማለፊያውን ረድፍ እንደ ርስቱ የያዘ ሹፌር ነው። ቀኙ ባዶ ሆኖ ግራው ላይ በ90 ይሄዳል። ዕቃው እዚህ አዘናጋኝ። ፍጥነት የሚቀንሰው ቀስ ብሎ ስለሆነ አይታወቅም። 110 ሞልቼ፣ ሬዲዮ እያዳመጥኩ ስሄድ አንዴ ቆጣሪውን ሳየው 88 ይላል። ለምን ያህል ጊዜ እንደዚያ እንደሄድኩ አላውቅም። በመስታወት ሳይ ከኋላዬ አምስት መኪና ተሰልፏል። እነሱ ረድፍ ዘጋብን የሚሉት እኔን ነበር። አሁን ማለፌን ስጨርስ ወዲያው ወደ ቀኝ እመለሳለሁ፤ ቆጣሪውንም ቶሎ ቶሎ አየዋለሁ።

ሦስተኛው ከተማ ነው ልቤን የሚያደክመው። እዚያ የሚነዳው በረጅም መብራት ነው። ከሩቅ ብልጭ ብልጭ ያደርጋል፣ ደርሶ ይለጠፋል። ራዳሩ ወደ ፊት ነው የሚያየው፤ ከኋላ ለሚመጣ ሰው ምንም አያደርግም። ነገር ግን ከፊቴ ያለው ክፍተት ለኋላዬም እንደሚጠቅም ያወቅሁት እዚህ ነው። ከፊት ሰፊ ቦታ ስላለኝ ድንገት ፍሬን አልረግጥም። ድንገት ካልረገጥኩ የተለጠፈብኝ ሰውም ለመቀነስ ጊዜ ያገኛል። ቦታ ሳገኝ እለቅለታለሁ፤ ይሂድ።

በሦስቱም ከተሞች ግን ዕቃውን የማጠፋበት አንድ ቦታ አለ። ረድፍ የሚያልቅበት ቦታ። የእኔው ከጎን ፍሬቻ እያበራ ቦታ የሚለምነውን መኪና አያውቀውም። ከፊት ያለውን ብቻ ተከትሎ ይጠጋጋል፤ እኔ ክፉ ሹፌር እመስላለሁ። ጀርመን ውስጥ ረድፍ ሲያልቅ እስከ ጫፉ ተሂዶ እንደ ዚፕ አንድ በአንድ መግባት በትራፊክ ሕጉ የተጻፈ ነው። እኔ በምነዳባቸው መንገዶች ግን ቀድሞ የተሰለፈው፣ እስከ ጫፍ የሄደውን እንደ ወረፋ ሰባሪ ነው የሚያየው። ይዘጋበታል፣ ክላክስ ያንባርቅበታል። እኔ ዕቃውን አጥፍቼ አንድ ሰው አስገባለሁ፣ እሄዳለሁ። ሁለት ሰከንድ ነች፤ ሒሳቡን አውቀዋለሁ።

ሌላም ያብሰለስለኝ የነበረ ነገር አለ። ግማሽ ሰዓት ቆም ሄድ እያልን ከርመን፣ መጨረሻው ላይ ስንደርስ አደጋ የለም፣ ጥገና የለም፣ ምንም የለም። ለምን ቆምን? በ2008 እ.ኤ.አ. የጃፓን ተመራማሪዎች ውጤቱን ያሳተሙት ሙከራ መልሱን ያሳያል። 230 ሜትር ዙሪያ ባለው ክብ መንገድ ላይ 22 መኪኖች አሰለፉ። ሹፌሮቹ የተነገራቸው በ30 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ገደማ ሳይጋጩ እንዲዞሩ ነው። መብራት የለም፣ መስቀለኛ መንገድ የለም። ትንሽ ቆይቶ አንዱ በጥቂቱ ቀዘቀዘ፤ ተከታዩ አብልጦ ቀነሰ፤ የእሱ ተከታይ ደግሞ ይበልጥ። መጨረሻ ላይ ሙሉ በሙሉ የቆሙ ነበሩ። መጨናነቁ እንደ ማዕበል ወደ ኋላ ሄደ። መንገድ ማስፋት ብቻ ይህን አይፈታውም። አሜሪካ፣ ሂውስተን የሚገኘው ኬቲ ፍሪዌይ የሚባል አውራ ጎዳና በጣም ሰፊ በሆነበት ቦታ፣ የጎን መንገዶቹ ተቆጥረው፣ 26 ረድፍ ደርሷል። ማስፋፊያው በ2008 ካለቀ ከጥቂት ዓመታት በኋላ በሥራ መግቢያና መውጫ የሚፈጀው ጊዜ እንደገና ረዘመ።

ታዲያ ዕቃው ማዕበሉን ያስቆመዋል? ገበያ ላይ ያለው በራሱ አያስቆመውም። ተመራማሪዎች እንደ እኔው ያሉ የሚሸጡ መኪኖችን ሲፈትኑ፣ ከፊት የመጣችውን ትንሽ መቀዝቀዝ ከማብረድ ይልቅ ወደ ኋላ እያጎሏት ይሄዱ ነበር። ተስፋ የሚሰጠኝ ሌላ ሙከራ ነው። በኖቬምበር 2022 እዚያው አሜሪካ፣ ናሽቪል አጠገብ፣ ኢንተርስቴት 24 በሚባለው አውራ ጎዳና ላይ፣ ማዕበሉን እንዲያለሰልስ ተብሎ የተሠራ ክሩዝ ኮንትሮል በ100 መኪኖች ላይ ተሞክሯል። ያ ለሁላችን የሚደርስበትን ቀን በጉጉት ነው የምጠብቀው።

አሁን ወደ ክፉው ቀን። ማለዳ ነው፣ መንገዱ ደርቋል፣ 110 ሞልቻለሁ። ከፊቴ ባለ ተሳቢ ከባድ መኪና አለ፤ ከእሱ ወዲያ ምንም አይታየኝም። ድንገት ከባዱ መኪና ወደ ግራ ወጣ። ከእሱ ወዲያ የቆመ ፒክአፕ ብቅ አለ። ነጭ፣ የኋላ መዝጊያው የተከፈተ፣ የአደጋ መብራቱ ብልጭ ድርግም የሚል። መኪናዬ ምን አደረገች? ፈጠነች! መንገዱ የተከፈተ መስሏት ነዳጅ ስትሰጥ በጀርባዬ ተሰማኝ። ፍሬኑን በሙሉ ኃይሌ ረገጥኩት። የማስጠንቀቂያው ድምፅ የጮኸው እግሬ ከረገጠ በኋላ ነው። ስቆም በመካከላችን ሁለት እርምጃ ያህል ነበር። ፒክአፑ ላይ የታሰረው ገመድ ቋጠሮው ሳይቀር ይታየኝ ነበር።

ማታ መመሪያውን አወጣሁ። ተጽፏል፤ በትንሽ ፊደል፣ ከብዙ ማስጠንቀቂያዎች መሀል። የቆመ ነገር ላያይ ይችላል። ምክንያቱን በኋላ አነበብኩ። የመንገድ ምልክት፣ ድልድይ፣ የብረት አጥር ሁሉ ለራዳር የቆመ ነገር ነው። ለሁሉም ፍሬን ቢይዝ መንዳት አይቻልም፤ ስለዚህ ብዙዎቹ ሲስተሞች በፍጥነት ሲሄዱ የቆመን ነገር ቸል እንዲሉ ሆነው ተሠርተዋል። ምክንያቱ ገብቶኛል። ያናደደኝ የሸጠልኝ ሰው ሲያስረዳኝ ስለ ምቾቱ ብዙ ብሎ ይህን አለማንሳቱ ነው። መጀመሪያ መነገር የነበረበት ይህ ነው።

ሌሎቹ ጉድለቶች ቀለል ይላሉ። ከባድ ዝናብ ሲጥል ወይም ጭቃ ራዳሩን ሲሸፍነው ድምፅ አሰምቶ ይጠፋል፤ ወርጄ በጨርቅ እጠርገዋለሁ። ጠመዝማዛ ላይ አንዳንዴ የጎን ረድፍ መኪና አይቶ ያለ ምክንያት ይቀዘቅዛል። ወደ መውጫ መንገድ ስታጠፉ ደግሞ ተጠንቀቁ። ከፊት የነበረው ሲጠፋ ኩርባው ላይ ወደ 110 መሮጥ ይጀምራል። ሞተር ብስክሌት ከፊቴ ካለ እኔ ራሴ ነው የምነዳው፤ በዚህ አልደራደርም።

ከአምስት ኮከብ አራት እሰጠዋለሁ። አንዱን ያስቀረሁት ለነጩ ፒክአፕ ነው።

ልትገዙ ከሆነ ሳትፈርሙ በፊት አውራ ጎዳና ላይ ንዱት። እስከ ዜሮ ወርዶ እንደሚቆም ጠይቁ፤ አንዳንዱ ፍጥነት ሲቀንስ ራሱን ያጠፋል፣ መጨናነቅ ውስጥ ምንም አይረባም። መኪናው ጠፍቶ ሲነሳ ክፍተቱ ስንተኛው ደረጃ ላይ እንደሚሆን እዩ። የእኔ በየጠዋቱ ሁለት ላይ ነው የሚነሳው። ሞተር አስነስቼ፣ ቀበቶ አስሬ፣ ከመነሳቴ በፊት ቁልፉን ሁለት ጊዜ እጫነዋለሁ።