የአሮጌ ጡብ ግድግዳ እርጥበት፦ ሲሚንቶ፣ ኖራ ወይስ ተበስቶ የሚገባ ክሬም?

እናቴ ቤት፣ ሳሎን ውስጥ ከሶፋው ጀርባ ያለው ግድግዳ በሦስት ዓመት ሁለት ጊዜ ተለስኗል። ሁለቱንም ጊዜ በሲሚንቶ። ሁለቱንም ጊዜ ግንበኛው «ከእንግዲህ አያስቸግራችሁም» ብሎን ሄደ። ነሐሴ ላይ ሶፋውን ሳብ ሳደርገው ቀለሙ አብጦ ተልጧል፣ ከሥሩ ነጭ ዱቄት አውጥቷል፣ ድሮ ጉልበት ድረስ የነበረው እርጥበት ደግሞ አሁን ወገብ ደርሷል። በጣቴ ኳ ኳ ሳደርገው ባዶ ድምፅ ሰጠኝ። አንድ ቁራጭ ልስን ፈንቅዬ ከኋላው ያለውን ጡብ በጥፍሬ ብነካው እንደ በርበሬ ዱቄት ረገፈ።

እንደኛ ሁለቴ እንዳትከፍሉ ነው ይህን የምጽፈው።

ምንም ነገር ከመግዛታችሁ በፊት ውሃው ከየት እንደሚመጣ እወቁ። ግማሽ ሜትር በግማሽ ሜትር የሆነ ላስቲክ ግድግዳው ላይ ዙሪያውን በስኮች አሽጉና ሁለት ቀን ተዉት። ጠብታው በላስቲኩ ላይ፣ በክፍሉ በኩል ከታየ የቤቱ እንፋሎት ነው፤ መስኮት መክፈትና ሶፋውን ከግድግዳው ማራቅ ይበቃ ይሆናል። ከላስቲኩ ኋላ ከሆነ ግን ውሃው ከግድግዳው ነው የሚወጣው። ያኔ ወደ ውጭ ውጡና አሸንዳው የት እንደሚያፈስ፣ ቱቦ የፈነዳ እንዳለ፣ የውጩ መሬት ከቤቱ ወለል በላይ መሆኑን እዩ። አዲስ አበባ በዓመት ከ1,000 ሚሊ ሜትር በላይ ዝናብ ይወርድባታል፣ አብዛኛው ደግሞ ከሰኔ እስከ መስከረም ነው። ብዙ የድሮ ሰፈር ውስጥ መንገዱ ኮብልስቶን ሲነጠፍ ከፍ ይላል፣ ቤቱ ጉድጓድ ውስጥ የገባ ያህል ዝቅ ይላል፣ ጎርፉም ወደ መሠረቱ ይመጣል። የእናቴ ቤት ችግር ግማሹ ይኸው ነበር።

አሁን ወደ ምርጫው።

ሲሚንቶ፣ ውሃ የማያስገባ መድኃኒት ተጨምሮበት። ሁሉም የሚሸጠው፣ ሁሉም ግንበኛ የሚያውቀው ይህ ነው። ሲያልቅም ያምራል። የመታጠቢያ ቤት ወለልና የውሃ ማጠራቀሚያ ከሆነ፣ ወይም አዲስ የብሎኬት ግድግዳ ከሆነ እኔም እሱኑ እገዛለሁ። ለአሮጌ ጡብ ግን አይሆንም። ጡቡና በመካከሉ ያለው ጭቃ ወይም ኖራ፣ የኩራዝ ክር ጋዝ እንደሚስብ ውሃውን ከመሬት ይስባሉ። ድሮ ያ ውሃ በግድግዳው ፊት እየተነነ ይወጣ ነበር። ሲሚንቶው መውጫውን ሲዘጋበት ውሃው ልስኑ እስከሚያልቅበት ድረስ ወደ ላይ ይወጣል። ይዞት የመጣው ጨውም ከልስኑ ኋላ ይጋገርና ልስኑን ገፍቶ ይጥለዋል። ከጉልበት ወደ ወገብ የደረሰብን ለዚህ ነው። ዘይት ቀለምና ሴራሚክም ያው ናቸው፣ ይሸፍናሉ እንጂ አያድኑም። ጂፕሰም ደግሞ ውሃ ሲነካው ስለሚበሰብስ እርጥብ ግድግዳ ላይ ጨርሶ አይገባም።

የኖራ ልስን። የኔ ምርጫ ይህ ነው። ኖራ ለአገራችን አዲስ ነገር አይደለም፤ ጎንደር ያለው የፋሲል ግንብ በ17ኛው መቶ ዘመን የተገነባው በኖራ ነው። ልስኑ ይተነፍሳል፣ ግድግዳው የያዘውን ውሃ ወደ ውጭ ይለቃል። አንድ እጅ ኖራ ለሦስት እጅ ንጹሕ አሸዋ ይቀላቀላል። ከመለሰኑ በፊት ግድግዳው በውሃ ይረጫል፣ ከዚያ ቢበዛ አንድ ሳንቲ ሜትር እየሆነ በስስ በስሱ ይለሰናል፤ በየመካከሉ ቀናት መጠበቅ አለ፣ ፀሐይና ንፋስ ቶሎ እንዳያደርቀውም ይሸፈናል። ሠራተኛው ቶሎ እንዲጠና «ትንሽ ሲሚንቶ ጣል እናድርግበት» ካላችሁ እምቢ በሉ፣ የከፈላችሁበትን ነገር ያበላሸዋል። ያልጠፋ ኖራ ውሃ ሲገባበት እየፈላ ይረጫል፣ ዓይን ያጠፋል። መነጽርና ጓንት ሳይኖር ማንም አይንካው፣ ልጆችም አይጠጉ።

ኖራ ጉድለትም አለው። ውሃውን አያቆምም፣ እንዲወጣ ብቻ ነው የሚያደርገው። በመጀመሪያው ዓመት ነጭ ጨው ሊወጣበት ይችላል። ያኔ በደረቅ ብሩሽ ጥረጉት፣ በእርጥብ ጨርቅ ካሻችሁት ጨው ሟሙቶ ተመልሶ ይገባል።

ተበስቶ የሚገባው ክሬም። ይህ ውሃ የማያስጠጋ መድኃኒት ነው፤ ሥራው ከታች የሚወጣውን ውሃ ማቆም ነው። ከመሬት ቢያንስ 15 ሳንቲ ሜትር ከፍ ብሎ፣ በጡቦቹ መካከል ባለው መስመር ላይ በየ12 ሳንቲ ሜትሩ ገደማ 12 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው ቀዳዳ በድሪል ይበሳና ክሬሙ ይሞላል። ክሬሙ ተሰራጭቶ ውሃ የማይስብ ቀበቶ ይሠራል። በሲሚንቶ ወይም በጠንካራ ኖራ ለተገነባ ጡብ ደህና ነው። ጡቡ በጭቃ ከተያያዘ ግን ክሬሙ እኩል ስለማይሰራጭ አልመክርም። አንዳንድ ሻጭ የማይነግራችሁን ልንገራችሁ፦ ውሃው ቢቆም እንኳ ግድግዳው የያዘውን ለማድረቅ በየ2.5 ሳንቲ ሜትር ውፍረቱ አንድ ወር ገደማ ይፈልጋል። 25 ሳንቲ ሜትር ግድግዳ ማለት ወደ 10 ወር ነው። በዚያ ላይ ጨው የበላው የድሮ ልስን መነሳቱ አይቀርም፣ ስለዚህ የልስን ወጪውም አለ። ከአሸንዳ ወይም ከቱቦ የሚመጣ ውሃ ከሆነ ደግሞ ክሬሙ ምንም አያደርግለትም።

ግድግዳውን በየሜትሩ እየቆረጡ ላስቲክ የሚያስገቡም አሉ። በትክክል ከተሠራ በጣም አስተማማኙ ይህ ነው፤ ግን ያረጀ ግድግዳ እየተቆረጠ ሊሰነጠቅ ስለሚችል ያለ መሐንዲስ እንዳትሞክሩት።

ገንዘባችሁ ለአንዱ ብቻ የሚበቃ ከሆነ ውጩ ላይ አውጡት። አሸንዳውን ጠግኑ፣ የውጩን መሬት ከወለሉ ቢያንስ በ15 ሳንቲ ሜትር ዝቅ አድርጉ፣ ጠጠር ሙሉበት፣ ውሃው ከቤቱ ርቆ እንዲሄድ ቦይ አውጡለት። ከመሠረቱ ግርጌ በታች ግን አትቆፍሩ። ከዚያ የተበላሸውን ልስን፣ እርጥበቱ ከደረሰበት 30 ሳንቲ ሜትር ከፍ ብላችሁ አንሱትና ግድግዳውን በጋውን ሙሉ ራቁቱን ተዉት። ኖራው ከዚያ በኋላ ይገባል።

እኛ ልስኑን ያነሳነው ጥቅምት ላይ ነው። ሶፋው አሁን ሳሎኑ መሀል ቆሟል፣ እናቴም እንግዳ በመጣ ቁጥር ታፍራለች። የውጩን ቦይ ጨርሰናል። ለቀለሙ እሷ ያንን የሚያብረቀርቅ ፕላስቲክ ቀለም ነበር የፈለገችው፤ የተነፈሰውን ግድግዳ መልሶ እንደሚያፍነው ስነግራት የኖራ ቀለም ይሁን ብላለች፣ ቢጫ ከተቀላቀለበት።