የልደት ቁጥር ወይስ ባለቁጥር ካርድ?

ሐዋሳ ሐይቅ ዳር ቡና ይዘው ዕጣ ፈንታቸውን የሚመረምሩ ወጣቶች በሁለቱ ይከራከራሉ።

በኒውመሮሎጂ፣ ማለትም በቁጥር ዕጣ ፈንታን በሚያነብበው ዘዴ፣ የልደት ቀን፣ ወርና ዓመት አኃዞች ተደምረው ወደ አንድ አኃዝ ይወርዳሉ። ጣጣው የሚጀምረው እኛ ዘንድ ነው። ታኅሣሥ 29 ቀን 1990 ዓ.ም. የተወለደች ልጅ ድምሯ 34፣ ከዚያም 7 ይሆናል፤ የጥልቅ አሳቢዎች ቁጥር። በፈረንጆቹ ግን ልደቷ ጃንዋሪ 7 ቀን 1998 ነውና 35፣ ከዚያም 8 ይወጣላታል፤ የሀብትና የሥልጣን። በቀበሌ መታወቂያዋ ፈላስፋ፣ በፓስፖርቷ ባለጸጋ ሆነች ማለት ነው!

ባለቁጥሩ ካርድ፣ ዕጣ ፈንታ የሚነበብበት ታሮት፣ የዘመን አቆጣጠር አይጠይቅም። በ15ኛው ክፍለ ዘመን ጣሊያን ውስጥ የተጀመረው እንዲያውም ለጨዋታ ነበር። ከ78ቱ ካርዶች 40ዎቹ ከ1 እስከ 10 እየተቆጠሩ በዋንጫ፣ በበትር፣ በሰይፍና በሳንቲም ይመደባሉ። ቁጥሩ ብቻውን አይፈርድም፦ 5 በጥቅሉ መናጋት ቢሆንም በሳንቲም ማጣት፣ በዋንጫ ሐዘን ነው። እ.ኤ.አ. በ1909 በታተመው የዋንጫ 5 ካርድ ሥዕል ጥቁር ካባ የደረበ ሰው በተደፉ ሦስት ዋንጫዎች ላይ አቀርቅሯል፤ ሁለት ያልተደፉ ከኋላው ቆመዋል፣ አላያቸውም።

ትንቢትነቱን ለሁለቱም አልሰጥም። ለጨዋታ ከሆነ ግን ካርዱን እመርጣለሁ፤ የልደት ቁጥር አንዴ ከተነገረ ወሬው ያልቃል።