ሼባ አምፕ ላይ አዲስ ስፒከር፦ ሶኒ ኤስኤስ-ሲኤስ5

ቁርጡን ልንገራችሁ፣ ቤታችሁ አሮጌ የሆም ቴአትር አምፕ (ስፒከሮቹን የሚያንቀሳቅሰው ማጉያ) ካለና እየሰራ ከሆነ አትሽጡት፣ ብሩን ስፒከር ላይ አውሉት። የኔው ሼባ ሶኒ ኤችዲኤምአይ የሚባል ቀዳዳ እንኳን የለውም ግን ድምፁ ንፁህ ነው፣ ችግሩ ሁሌም የነበረው አብረውት የኖሩት ትናንሽ ፕላስቲክ ስፒከሮች ላይ ነው። አማርኛ ፊልም ስናይ ተዋናይዋ ዝቅ አርጋ ስታወራ "ምን አለች?" እየተባባልን ድምፅ እንጨምራለን፣ ከዛ ሙዚቃው ሲገባ ጎረቤት ይበረግጋል።

መጀመሪያ እዚሁ ማርቆስ ሱቆቹን ዞር ዞር ብዬ አየሁ። ካርቶኑ ላይ 12000 ዋት ፒኤምፒኦ ምናምን ተፅፎበት፣ መብራቱ ሰማያዊ ቀይ እያለ የሚጨፍር እቃ ሞልቷል። አንዱን ገልበጥ አርጌ ከጀርባው ያለችውን ስቲከር ሳነብ 65 ዋት ትላለች። እንዴ፣ ከሶኬት 65 ዋት የሚስብ እቃ በየት በኩል ነው 12000 የሚያወጣው? ልጁን ስጠይቀው "ጋሼ የፋብሪካ ቁጥር ነው" ብሎኝ አረፈው 😂 ፒኤምፒኦ የሚለውን እርሱት፣ አርኤምኤስ (ሳያቋርጥ የሚያወጣው እውነተኛ ዋት) ስንት ነው በሉ፣ እሱን ካላወቁ ሂዱ ከዛ ሱቅ።

በመጨረሻ ያክስቴ ልጅ ካሜሪካ ሲመጣ የሶኒ ኤስኤስ-ሲኤስ5 ጥንዱን በ150 ዶላር ገዝቶ አመጣልኝ፣ ካዲስ አበባ አባይ በረሃን አቋርጠው በአውቶብስ ማርቆስ ገቡ፣ ደግነቱ ምንም አልሆኑም። እያንዳንዱ ባለ ሶስት መንገድ ነው፣ ማለት 13 ሳንቲሜትር ዉፈር (ወፍራሙን ድምፅ የሚያወጣው)፣ ትዊተር (ቀጭኑን)፣ ከሱ ሌላ ደሞ ሱፐር ትዊተር (በጣም ቀጭኑን)። 6 ኦም (ይሄ ቁጥር ሲያንስ አምፑን ይከብደዋል)፣ 87 ዲቢ (በትንሽ ዋት ምን ያህል እንደሚጮሁ)። ይቺን ዲቢ አትናቋት፣ አምፑ አቅሙ ትንሽ ለሆነ ሰው ከዋቱ በላይ እሷ ናት የምትጠቅመው፣ 84 ዲቢ የሆነ ስፒከር ይሄንኑ ድምፅ ለማውጣት እጥፍ ዋት ይፈልጋል።

የኔ አምፕ ከጀርባው 8 ኦም ነው የሚለው፣ ስፒከሩ 6 ነው፣ ይሄ ብዙ ሰው ያስፈራዋል። በመጠኑ ለሚሰማ ሰው ችግር የለውም፣ ትንሽ ይሞቃል እንጂ፣ ስለዚህ አየር ያግኝ፣ ላዩ ላይ ምንም አይደረብበት። እማየ ዳንቴል ካላለበስኩት ብላ ስንት ቀን ተጨቃጨቅን፣ አሁን ዳንቴሉ ቲቪው ላይ ነው፣ ሁላችንም ሰላም። ባንድ ካርቶን ሙሉ ስብስብ ሆኖ የሚመጣው ሆም ቴአትር ግን አንዳንዱ ስፒከሩ 3 ኦም ነው፣ እሱን እንዲህ አይነት አምፕ ላይ እንዳትሞክሩት፣ አምፑን ያቃጥልባችኋል።

ገመድ ብላችሁ ብር አታባክኑ፣ ኤሌክትሪክ እቃ ቤት ያለው ተራ 2 በ 1.5 ገመድ (ሁለት ሽቦ፣ 1.5 ካሬ ሚሊሜትር) ለሳሎን ይበቃል። ቀይ በቀይ፣ ጥቁር በጥቁር ብቻ ይሁን። ያንዱ ስፒከር ገመድ ከተገለበጠ ቤዙ ይጠፋል፣ የሚያወራው ሰው ድምፅም ከየት እንደሚመጣ አይታወቅም። ሌላው፣ የነዚህ ስፒከሮች የአየር ቀዳዳ ከኋላ ነው፣ ቡፌ ውስጥ ከከተታችኋቸው ወይ ግድግዳ ላይ ካጣበቃችኋቸው ቡም ቡም ነው የሚሉት። ቦታ ከሌለ ቀዳዳው ውስጥ ካልሲ ጠቅልሎ መወተፍ ይሰራል፣ አትሳቁ ሞክሩት።

ድምፁስ? ማሲንቆ ከፈትኩባቸው፣ ደጋኑ ጭራውን ሲፈትግ ያለችው ሻካራ ነገር ቁልጭ ብላ ትሰማለች፣ በፕላስቲኮቹ ይሄ በጭራሽ አልነበረም። የሰው ድምፅ በጣም ጥሩ ነው። ሴንተር ስፒከር (ንግግሩን የሚያወጣው የመሀል ስፒከር) አልገዛሁም፣ አምፑ ስፒከር ሴታፕ ውስጥ ሴንተር "የለም" ብዬ ስሞላለት ንግግሩን ለሁለቱ ያካፍለዋል፣ ፊት ለፊት መሀል ላይ ለተቀመጠ ሰው ከቲቪው የሚወጣ ነው የሚመስለው፣ ዳር የተቀመጠ ግን ወደቀረበው ስፒከር ያደላበታል። ያንን ድሮ ፕላስቲክ ሴንተር ከነዚህ ጋር ማቀላቀሉ ይብሳል፣ ድምፃቸው ለየቅል ነው።

ከቲቪው ጋር በኦፕቲካል (ድምፅ በብርሃን የሚያስተላልፍ ገመድ) ነው ያገናኘሁት፣ 5.1 ዶልቢ (አምስት ስፒከርና አንድ የቤዝ ሳጥን) ያሳልፋል፣ አትሞስ (ከላይም ድምፅ የሚያመጣው ዶልቢ) ምናምን እርሱት። ድምፅ እምቢ ካለ ቲቪው ሴቲንግ ገብታችሁ ፒሲኤም አድርጉት፣ ሁለት ቻናል ብቻ ይሆናል እንጂ ይሰራል።

የማልወድላቸው ነገር ቤዙ ነው። ከበሮ ሲመታ ጥፊው አለ፣ ደረት የሚነካው ግን የለም፣ የሰርግ ዘፈን ለሚወድ ቤት ይጎድላል። ትሬብሉም ከፍ ሲል ይሾላል፣ እኔ አምፑ ላይ ትንሽ ቀነስኩት። ሰብ ዉፈር (የቤዝ ሳጥን) ልትጨምሩ ካሰባችሁ የራሱ አምፕ ያለውን፣ ሶኬት ላይ የሚሰካውን ግዙ፣ የድሮ ሆም ቴአትር ሰብ የአምፑ የሰብ ቀዳዳ ላይ ቢሰካ ድምፅ አያወጣም። እኔ ለጊዜው ትቸዋለሁ፣ ቤቱ ቆርቆሮ ነው፣ ባሁኑ ቤዝ ራሱ ኮርኒሱ ይንቀጠቀጣል፣ ክረምት ላይ ደሞ ዝናቡ ሲጀምር ማንም ስፒከር አያሸንፈውም።

የኋላዎቹ ሁለት ስፒከሮች የድሮዎቹ ፕላስቲኮች ናቸው፣ 8 ኦም ስለሆኑ ትቻቸዋለሁ፣ ኳስ ላይ የደጋፊ ጫጫታ ለማሰማት እነሱም ይበቃሉ። አምፕ ገና የምትገዙ ካላችሁ ግን ከጀርባው 120 ቮልት ብቻ የሚል ከሆነ የትራንስፎርመሩን ዋጋ ደምሩበት፣ የኛ መብራት 220 ስለሆነ ርካሽ ነው ብላችሁ ቀጥታ ግድግዳ ላይ ከሰካችሁት እዛው ያልቃል።